እስከ ሦስተኛው በር

ሣህሊቱን የማያውቅ የሲያትል ሐበሻ ካለ፣ ሰውየው ታሞ አያውቅም ማለት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሆስፒታል አስተርጓሚነት ስትሠራ ያልገባችበት የምርመራ ክፍል፣ ያልሰማችው የሰው ገመና የለም። ዶክተሩ «ከሦስት ወር አያልፉም» ሲል፣ ያንን ሦስት ወር በአማርኛ ለታማሚው የሚያስረክበው የእሷ አፍ ነው። ሥራው አንድ ሕግ አለው፤ የተባለውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ መናገር። ስንቱ ልጅ ኮሪደር ላይ እጇን ይዞ «እባክሽ እትዬ፣ ለአባቢ ካንሰር የሚለውን ቃል አትጥሪበት፤ ትንሽ ቁስል ነው በይው» ብሎ ለምኗታል። እሷ ግን ፍንክች አትልም። «እኔ የለሁበትም የኔ ልጅ፤ እኔ ድምፅ ነኝ» ብላ ትገባና እንዳለ ትናገራለች። በዚህ የተነሳ ጨካኝ የሚሏት አሉ። ሞት በስልክ በማይነገርበት፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ገና ጎህ ሲቀድ በር በሚያንኳኳበት ሕዝብ መካከል እውነትን እንዳለ ማስረከብ ወዳጅ አያበዛም።

እንግዲህ ከጥቅምት እስከ ጥር መጨረሻ በገዛ ቤቷ ስትዋሽ የከረመችው ይህችው ሴት ናት።

ቤታቸው ስካይዌይ ዳገቱ ላይ ነው፤ ከላይ ወጥ ቤት፣ ከሥሩ ጋራዥ። መኪናቸውን ግን ውጭ ዝናብ ይመታዋል፤ ጋራዡን የያዘው የባሏ የዘካሪያስ ብስክሌት ነው። ዘካሪያስ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ የመኪና ማቆሚያ መንገደኛ በሻትል ሲያመላልስ የኖረ፣ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት የቀረው፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። አሮጌ ብስክሌቱን ከኋላ ጎማው ብረት መቆሚያ ላይ አስሮ፣ ከፊት ለፊቱ ቴሌቪዥን ሰቅሎ፣ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ወርዶ ፔዳል ይመታል። የግራው ፔዳል በየዙሩ «ቂው» ይላል። ሣህሊቱ ወጥ ቤት ቆማ ቁርስ ስትሠራ ድምፁ በወለሉ በኩል ይመጣባታል።

«አንተ ሰው፣ ዘይት አድርግበት እንጂ! ጥርሴን ጨረሰው እኮ» ትለዋለች።

«ካልጮኸ መሄዴን በምን አውቃለሁ?» ይላታል።

የሚሄደው ፈረንሳይ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየው መንገድ ቦዦሌ በሚባል የወይን አገር ኮረብታዎች መካከል እየተጠማዘዘ የሚወጣ ቀጭን አስፋልት ሲሆን፣ ቪዲዮውን የሚልክለት መንግሥቴ ነው፤ የሣህሊቱ ታላቅ ወንድም፣ የዘካሪያስ የልጅነት ጓደኛ።

ሦስቱም ደብረ ሲና ነው ያደጉት። ወንዶቹ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ብስክሌት በሰዓት ይከራዩና ወደ ጣርማ በር ይወጣሉ፤ ዳገቱን በእግር እየገፉ፣ ቁልቁለቱን ነፋስ እየጠጡ። ፍሬኑ የሚይዝ ብስክሌት የሚያከራይ ስላልነበረ ፍሬኑ የመንግሥቴ ጫማ ሶል ነበር። ሲመለሱ ደግሞ መለያየት አይሆንላቸውም። መንግሥቴ ዘካሪያስን እስከ ደጁ ይሸኘዋል፤ ዘካሪያስ «እንግዲያው እኔም ልሸኝህ» ብሎ አብሮት ይመለሳል፤ መንግሥቴ እንደገና ይሸኘዋል። ይህ ምልልስ የሚያበቃው የእነ ሣህሊቱ እናት ደጃፍ ላይ ወጥታ «የሸኘ ይመለስ! የማንም ልጅ ሜዳ ላይ አያድርም!» ብላ ስትጮህ ነው። ዘካሪያስ ሣህሊቱን ያያት በዚያ ሁሉ ምልልስ መካከል ነው፤ ስለዚህ ትዳራቸውን ያቆመው የሁለቱ መሸኛኘት ነው ቢባል ውሸት አይሆንም።

መንግሥቴ ከጎልማሳነቱ ጀምሮ ቦዦሌ ወይን ሲገርዝና ሲለቅም ኖረ። ፈረንሳዊት ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከልጁ ከኖላዊት በቀር ሰው የለውም። ጆሮው ደከም ስላለ ስልክ ማውራት አይወድም፤ ከሦስት ዓመት በፊት ግን ስልኩን የብስክሌቱ መሪ ላይ አስሮ፣ እያለከለከ እያወራ፣ መንገዱን እየቀረጸ መላክ ጀመረ። መንገዱ ሦስት በር አለው። በተራራና በተራራ መካከል ያለውን ማለፊያ እነሱ እንደ ጣርማ በር «በር» ነው የሚሉት። እስከ መጀመሪያው ግራ ቀኙ ወይን ነው፤ በብርድ ወራት ተገርዞ ጥቁር ጉቶ ይሆናል፤ ሲሞቅ ቅጠሉ መንገዱን ያጠበዋል። ሁለተኛው ጥድ ውስጥ ነው፤ በቀትርም ይጨልማል። ሦስተኛውን ዘካሪያስ አይቶት አያውቅም። መንግሥቴ እዚያ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሁልጊዜ ቀረጻውን ያቆማል።

«ሦስተኛውን በር መጥተህ ነው የምታየው» ይለዋል፤ ይስቃል፤ ቪዲዮው ያልቃል።

ዘካሪያስም ጡረታ በወጣ ማግስት ትኬት ሊቆርጥ ቃል ገብቷል።

ጥቅምት ላይ አንድ ሰኞ ጠዋት ሣህሊቱ እንቁላል እየጠበሰች ሳለ «ቂው» የሚለው ድምፅ ተቋረጠ። መጀመሪያ ግልግል ነው ያለችው። ከዚያ ዝምታው ረዘመባትና ወረደች። ዘካሪያስ መሪው ላይ ተደፍቷል። ከንፈሩ ጠቁሯል። ቴሌቪዥኑ አልተከፈተም ነበር፤ ይህን ያስተዋለችው ኋላ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአርባ ነበር፤ ለአምቡላንስ ሠራተኞቹ ደጋግማ ስለተናገረችው ሰዓቱ ከአእምሮዋ አልወጣም።

ልቡ ለጥቂት ደቂቃ ቀጥ ብሎ እንደነበር ተነገራት። ማታውን ነቃና ዙሪያውን አየ፤ እጇን ጨበጣት።

«ተመለስኩ አይደል?» አላት።

«ተመልሰሃል፤ ምን ሆነሃል» አለችው እንባዋ እየወረደ። ለዚያ እንባ ባመሰገነች ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለወራት አላገኘችውም።

በሦስተኛው ቀን፣ ሐኪሙ የልቡ ቫልቭ በቀዶ ሕክምና እንደሚጠገን፣ እስከዚያ ድረስ ግን አንዳች ድንጋጤ እንዳይደርስበት አስጠንቅቆ ከወጣ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ኖላዊት ደወለች። ልጅቷ አማርኛዋ የተሰባበረ ነው፤ መርዶ እንዴት እንደሚነገር የነገራት የለም። እንዳለ ነው የተናገረችው።

«አክስቴ፣ አባቴ ሞተ። ሰኞ። ሦስተኛው በር ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ። ብስክሌቱን አስደግፎ፣ ሄልሜቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ብዙ ሰው በአጠገቡ አልፏል። ሰው የሚጠብቅ መስሏቸው።»

ሣህሊቱ ኮሪደሩ ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ስንት ሰው በዚያ ግድግዳ ሥር ሲንከባለል አይታለች! እሷ ግን አልጮኸችም፤ ባሏ ያለበት ክፍል በሩ ክፍት ነበር። ሰዓቱ ስንት እንደነበር ኖላዊትን አልጠየቀቻትም።

ጉዳዩን የያዙት ጋሽ ረመዳን ናቸው። ጋሽ ረመዳን ባለ ሱቅ፣ የእድሩ ሊቀመንበር፣ በሰባ ሁለት ዓመታቸው ከክርስቲያኑም ከእስላሙም ለቅሶ የማይቀሩ፣ የስልጤ አነጋገራቸውን ሠላሳ ዓመት አሜሪካ ያልነካው ሰው ናቸው።

«ስሚኝ ሣህሊቱ» አሏት። «ቀዶ ጥገናው ሳያልቅ ለሱ አይነገርም። አንቺም ጥቁር አትለብሺም፣ አታለቅሺም። ሲድን እኛው መጥተን እናረዳዋለን፤ ያኔ እንደልብሽ ታለቅሻለሽ።»

«እሺ ጋሼ፤ እርስዎ እንዳሉ» አለች።

እሺ ማለት ቀላል ነበር። የወንድም ለቅሶ ግን በልኩ ካልወጣ ቦታ ይይዛል። ሥራ ቦታ ስታስተረጉም ድንገት ድምፅዋ ይሰለላል። መኪና ውስጥ ብቻዋን ሆና «አሁን ላልቅስ» ብላ ትሞክራለች፤ እንባው የለም። የሚመጣባት ነገር ቢኖር አንድ የማይረባ ትዝታ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ለጥምቀት የተገዛላት ቀይ ሸራ ጫማ ነበር። በማግስቱ አንዱ እግር ጠፋ። እናቷ ገረፈቻት፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት በላስቲክ ጫማ ሄደች። መንግሥቴ በዱላው ሰዓት በሩ ሥር ቆሞ ያይ እንደነበር ትዝ ይላታል፤ ፊቱ እንደ አመድ ነጭ ነበር። ይህን ለማንም፣ ለዘካሪያስም ነግራው አታውቅም። ምን ብላ ትናገረው? ስለ አንድ እግር ጫማ?

ችግሩ ቪዲዮው ነበር። ዘካሪያስ ከሆስፒታል ሲወጣ በቀን ሃያ ደቂቃ ቀስ ብሎ ፔዳል እንዲመታ ተፈቅዶለታል፤ እሑድ እሑድ ቪዲዮ ካልመጣ ደግሞ ጉድ ይፈላል። ደግነቱ የሟቹ ስልክ ውስጥ ያልተላኩ አሥራ አራት ቪዲዮዎች ተገኙ። ኖላዊት በየሳምንቱ አንዱን ከአባቷ ስልክ ልትልክ ተስማሙ። ሣህሊቱ ይኸው ሕጓን ጣሰች። ጨመረች፣ ቀነሰች፣ የሞተ ሰው አፍ ሆነች።

ተንኮል ያልለመደ ሰው ደግሞ ወዲያው ይሳሳታል። ታኅሣሥ ውስጥ የተላከው ቪዲዮ ወይኑ እንደለመለመ፣ ለቃሚዎች ቅርጫት ተሸክመው የሚታዩበት ሆኖ ተገኘ። ሣህሊቱ ልብስ ልታጥብ ጋራዥ ወርዳ ስታየው ክው አለች።

«በታኅሣሥ ወይን ይለቀማል እንዴ?» አለ ዘካሪያስ፣ ፔዳሉን ሳያቆም።

«የአየር ለውጥ ነው አሉ» አለች።

ቀና ብሎ አያት። ረጅም ጊዜ ነው ያያት። «ኦኬ» አለና ቀጠለ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ነው ነገሩ መልኩን የቀየረው።

ዘካሪያስ ቁርስ ላይ ማውራት ጀመረ። በሠላሳ ዓመት ትዳር ቁርስ ላይ «ጨው አቀብዪኝ» ከማለት ያለፈ ተናግሮ የማያውቅ ሰው፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ዳቦውን እየቆረሰ «መንግሥቴ ከስቷል» አላት።

«ማ?»

«ወንድምሽ። ፊቱ ሟሟ። መጀመሪያው በር ላይ ዞር ሲል አየሁት።»

ሣህሊቱ እሱ ገላውን ሊታጠብ ሲገባ ቪዲዮውን ከፍታ ከዳር እስከ ዳር አየችው። ስልኩ መሪው ላይ የታሰረ ነው፤ የሚታየው መንገዱና የፊት ጎማው ብቻ ነው። የመንግሥቴ ፊት አንድም ቦታ የለም።

መድኃኒቱ ነው አለች ለራሷ። መድኃኒት ብዙ ነገር ያሳያል፤ እሷ ራሷ ለስንት ታማሚ አስተርጉማዋለች።

በሳምንቱ ደግሞ «ከሁለተኛው በር ወዲያ በእግሩ ነው የሚሄደው» አላት። «ጉልበቱን ያመዋል። ብስክሌቱን እየገፋ ጥዱ ውስጥ ገባ። እኔም ወረድኩና ከኋላው ከኋላው ተከተልኩት። እንዴት ይበርዳል መሰለሽ!»

እስከዚያን ቀን የተላኩት ቪዲዮዎች ሁሉ ሲነዳ የሚያሳዩ ናቸው፤ የእግር ጉዞ የሚባል አልነበረም። ሣህሊቱ ከሥራ ቦታ ኖላዊትን ኮል አደረገቻት። ዘካሪያስ ያለውን ነገረቻት።

«ልክ ነው» አለች ልጅቷ። «ከመስከረም ጀምሮ አባቴ ከሁለተኛው በር በኋላ ይራመድ ነበር። ዘካሪያስ እንዳይሰማ ብሎ ያንን አልላከም። ማን ነገረው?»

ሣህሊቱ ልትዘጋ ስትል ኖላዊት ሌላ ነገር አነሳች።

«አክስቴ፣ እሱ ለአባቴ በድምፅ መልእክት ይልካል። ሁሉንም እሰማለሁ። አንድ ነገር አይገባኝም። 'ደህና ነኝ፣ ሣህሊቱም ደህና ናት' ይላል። አንድ ቀን እንኳ 'አንተስ እንዴት ነህ?' ብሎ አይጠይቅም።»

ሣህሊቱ በዚያ ቀን ወደ ቤት ስትነዳ መታጠፊያዋን ስታልፍ እንኳ አልታወቃትም። እሷ የፈራችው አንድ ነገር ነው፤ ስሙን ጠርታ ለራሷም አልተናገረችውም። ወንድሟ ባሏን ሊወስደው ነው። ድሮም መለያየት አይሆንላቸውም። አንዱን ሳያስከትል ሌላው የሄደበት ቀን የለም፤ አሁንም በር በበሩ እየጠበቀ፣ ትንሽ ትንሽ እያስጠጋው ነው። በስንት ፍቅር የምታስበውን ወንድሟን ፈራችው። ከሁሉ የባሰ የጎዳት ይሄ ነው፤ ያላለቀሰችለትን ወንድሟን መፍራቷ።

ጠዋት ጠዋት ወጥ ቤት ቆማ ታዳምጥ ጀመር። ቂው፣ ቂው፣ ቂው። የጠላችው ድምፅ አሁን ትንፋሹ ሆነላት። ትንሽ ከዘገየ ማንኪያዋን ጥላ ደረጃው ላይ ትደርሳለች።

ጥር አጋማሽ ላይ ቀዶ ሕክምናው አንድ ሳምንት ሲቀረው ዘካሪያስን ጉንፋን ያዘውና ቀጠሮው ወደ የካቲት ተሻገረ። በዚያው ሳምንት ቁርስ ላይ የመጨረሻውን ተናገረ።

«ሦስተኛው በር ላይ ድንጋይ አለ» አለ፣ ሻይውን እያማሰለ። «የተጠረበ፣ ሰው የሚቀመጥበት። እዚያ ተቀምጧል። ሄልሜቱን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጎታል።»

ሣህሊቱ የያዘችውን ዳቦ አስቀመጠች። ድንጋዩን የነገረቻት ኖላዊት ናት፤ ሄልሜቱንም። እሷ ደግሞ ለጋሽ ረመዳን እንኳ ያንን አልዘረዘረችም።

«ከዚያስ?» አለች፤ ድምፅዋ የእሷ አልመስል አላት።

«ከዚያማ…» አለና ዓይኗን ፈለገ። «ሌላ ቀን እነግርሻለሁ።»

እሑድ ደረሰ፤ የቀረው አንድ ቪዲዮ ብቻ ነው። የሰኞው፣ የመጨረሻው። ስልኩ ሲገኝ ባትሪው ሞቶ መሪው ላይ እንደታሰረ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ሲቀርጽ ቆይቷል። ኖላዊት ልታየው አልቻለችም። «አንቺ እዪውና ይላክ ካልሽ እልካለሁ» ብላ ለአክስቷ ሰጠቻት።

ሣህሊቱ ሰኞ በምሳ ሰዓት ሆስፒታሉ ጀርባ መኪናዋን ፓርክ አድርጋ፣ ዝናቡ መስታወቱን እየመታ፣ ከፈተችው።

ወይኑ ቢጫና ቀይ ሆኗል። ወንድሟ እያለከለከ ይወጣል፤ መጀመሪያውን በር አለፈ። ሁለተኛው በር ላይ ወረደ፤ እግሩ ጠጠሩን ሲረግጥ ይሰማል። ጥዱ ውስጥ ሲገባ ምስሉ ጨለመ፤ ያኔ ነው ከኋላ፣ ከሩቅ፣ አንድ ድምፅ የመጣው።

ቂው።

ስልኩን ከጆሮዋ ጋር አጣበቀችው። ቂው፣ ቂው። የምታውቀው ድምፅ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በወጥ ቤቷ ወለል በኩል ሲመጣባት የነበረው ነው። እየቀረበ ይመጣል። ወንድሟ ወደ ኋላ አልዞረም፤ ብቻ ርምጃውን ቀስ አደረገ፤ ድሮ ዘካሪያስ ወደ ኋላ ሲቀርበት እንደሚያደርገው።

ጥዱ አለቀና ብርሃን ሆነ። መንግሥቴ ብስክሌቱን አንድ ነገር ላይ አስደገፈ፤ ስልኩ አሁን ድንጋዩን ያሳያል። ተቀመጠ። ሄልሜቱን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። በርግጥም ከስቷል። ቂው የሚለው ድምፅ አጠገቡ ደርሶ ቆመ። ከእሱ በቀር በምስሉ ውስጥ ማንም የለም። መንግሥቴ ግን ቀና ብሎ ፈገግ አለ።

«ደረስክ? መጥተህ ነው የምታየው ብዬህ አልነበር?»

ዝም አለ፤ ሰው የሚያዳምጥ ሰው ዝምታ ነው። ሣህሊቱ ያን ዝምታ ታውቀዋለች፤ እንጀራዋ ነው፤ የሌላው ሰው ንግግር የሚገባበት ቦታ።

«አይሆንም። አንተ ወዲያ አትወርድም።»

ደግሞ ዝም።

«እልኸኛ! እናቴ ምን ትል ነበር? የሸኘ ይመለስ! ሣህሊቱ ብቻዋን ናት እኮ። ተመለስ። አደራ፣ ንገራት፣ ያን…»

ነፋስ መጣ። ነፋሱ ድምፁን ሁሉ ጠረገው፤ የወንድሟ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ይስቃል፣ ዓይኑን በእጁ ይጠርጋል፤ ቃሉ ግን የለም። ነፋሱ ሲያልፍ ንግግሩ አብቅቷል። ከዚያ ቂው የሚለው ድምፅ በመጣበት በኩል ወደ ታች መመለስ ጀመረ፤ እየቀጠነ፣ እየራቀ፣ ጥዱ ውስጥ ገባና ጠፋ። መንግሥቴ ወደ ሌላው ሸለቆ ፊቱን አዞረ። ከዚያ በኋላ አልተንቀሳቀሰም።

ሣህሊቱ ሥራዋ ላይ ያልሰማችውን «ይቅርታ፣ ይድገሙልኝ» ማለት ትችላለች። ነፋሱን አሥራ አንድ ጊዜ ደገመችው። ምንም። ቪዲዮው የተቀረጸበትን ሰዓት አየች፤ ነፋሱ የመጣው በፈረንሳይ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከአርባ ላይ ነው። በጣቷ ቆጠረች፤ ዘጠኝ ሰዓት ወደ ኋላ። አንድ ሰዓት ከአርባ።

ጋሽ ረመዳንን ኮል አደረገች።

«ጋሼ፣ ነገ ጎህ ሲቀድ ይምጡ። ለዘካሪያስ ይነገረው። ልቡም ቢሆን ይሁን፤ ከዚህ በላይ ልሸከመው አልችልም።»

 

«ያ ረቢ» አሉ ጋሽ ረመዳን። «ነገ አልሽ? እሺ። እመጣለሁ።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጉሙ ስካይዌይን ሸፍኖት የጎረቤት አጥር አይታይም። በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ረመዳን ከባለቤታቸው ከዘሀራ ጋር ገቡ። ሣህሊቱ ባሏን ልትቀሰቅስ ስትዞር ዘካሪያስ ጥቁር ሙሉ ልብሱን ለብሶ ሳሎን ተቀምጧል፤ መቼ እንደተነሳ አላየችውም። ዘሀራ ከሣህሊቱ አጠገብ ተጠግተው ተቀመጡና እጇን ያዙ። ሣህሊቱ ግራ ገባት። የሚያዘው የእሱ እጅ አልነበረም?

ጋሽ ረመዳን አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አዩ። ኮፍያቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉት።

«እኔ በዕድሜዬ ብዙ መርዶ አርድቻለሁ» አሉ። «ወላሂ እንዲህ ያለ አላየሁም። ትናንት ጠዋት ዘካሪያስ ደውሎ 'ነገ ና፤ ለሣህሊቱ የወንድሟን ሞት አርዳልኝ፣ እኔ አቅቶኛል' አለኝ። በዚያው ቀን አንቺ ደወልሽ። ለማን ነው የምናገረው? ሁለታችሁም ታውቃላችሁ!»

ሣህሊቱ ባሏን አየችው።

«ማን ነገረህ?»

«ማንም» አለ ዘካሪያስ። «ሸኘሁት እኮ። ያን ሰኞ ቴሌቪዥኑን ሳልከፍት ፔዳል ስጀምር ራሴን ጥዱ ውስጥ አገኘሁት፤ ከፊቴ እየገፋ ይሄዳል። እስከ ሦስተኛው በር አደረስኩት። አብሬው ልወርድ ነበር፤ እምቢ አለኝ።» አንገቱን ደፋ። «ስነቃ አንቺ አጠገቤ ነሽ፤ ምንም አልሰማሽም ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እኔ ተኝቼ ማን ይይዝሻል? ሶ፣ በአንዴ እንዳይሆንብሽ ብዬ በር በበሩ ስነግርሽ ከረምኩ። አንቺ ግን ዓይንሽ ይፈጥጣል እንጂ አታለቅሺም። ገና አልገባትም እያልኩ…»

ቁርስ ላይ የነበረው ሁሉ መርዶ ነበር። እሷ ሞት እየመጣበት ነው ስትል፣ እሱ ለእሷ እያረዳት ነበር። ታኅሣሥ ውስጥ የሚለቀመውን ወይን አይቶ «ኦኬ» ያለውም፣ ኖላዊት በልጅ አቅሟ ሞቱን ከአክስቷ እየደበቀች መስሎት ነው።

ሣህሊቱ አሁንም እንባ አልመጣላትም። እንደ ሥራ ልማዷ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

«የመጨረሻውን ንገረኝ» አለች። «ንገራት ያለህን። ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ።»

ቪዲዮውን እንዳየችው አልነገረችውም። ዘካሪያስም አላየውም፤ ኖላዊት ከእሷ በቀር ለማንም አልላከችውም።

«እሱ እንኳ አልገባኝም» አለ ዘካሪያስ፣ እንደ ማፈር ብሎ። «እኔ የማላውቀው ነገር ነው፤ እያለቀሰም እየሳቀም ነው የተናገረው። 'ያን ቀይ ጫማዋን ወንዝ ውስጥ እንደ ጀልባ የሰደድኩት እኔ ነኝ በላት። ስትገረፍ ቆሜ አየሁ። ይቅር ትበለኝ' አለ።»

ሣህሊቱ መጀመሪያ የሳቀች መሰለች። ከዚያ አራት ወር የዘገየው ጩኸት ወጣ፤ «ወንድሜ!» ብላ ደረቷን መታች፤ ዘሀራ አብረው ጮኹ፤ ጋሽ ረመዳን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው በመሐረባቸው ዓይናቸውን ያዙ። ያን ቀን በስካይዌይ ጉም ውስጥ የወጣው ለቅሶ እስከ አውቶቡሱ ማቆሚያ ይሰማ ነበር ይላሉ ጎረቤቶቹ። ዘካሪያስ ተነስቶ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ እሱም አለቀሰ፤ ልቡም ቻለ።

የካቲት ላይ ቫልቩ ተጠገነ። ሣህሊቱ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች፤ ዛሬም የተባለውን እንዳለ ትናገራለች፤ ብቻ አሁን የታማሚው ልጆች ኮሪደር ላይ እጇን ሲይዟት ወዲያው አትነጥቃቸውም፤ ትንሽ አብራቸው ትቆማለች። የመጨረሻው ቪዲዮ ስልኳ ውስጥ አለ። ዘካሪያስ አሳዪኝ ብሎ ጠይቋት አያውቅም።

ሐኪሙ ፔዳል እንዲመታ በፈቀደለት የመጀመሪያ ጠዋት ሣህሊቱ ወጥ ቤት ቆማ ድምፁን ጠበቀች። አልመጣም። ማንኪያዋን ጥላ ወረደች። ዘካሪያስ ብስክሌቱ አጠገብ ተንበርክኮ የግራውን ፔዳል በእጁ ያዞራል።

«ያንን የስፌት መኪናሽን ዘይት አምጪልኝ እስቲ» አላት። «ከእንግዲህ የትም አልሄድም።»